የሕፃኑን እንቅልፍ ማን ወሰደው?

ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትራንስፖርት ሳይወራ የሚውልበት ቀን የለም። እነዚህ ሁሉ ችግሮች ተደማምረው ከሚያርፉባቸው ቦታዎች አንዱ ግን ብዙም አይነሳም፤ የሕፃን እንቅልፍ። ጉዳዩ የእናቶች የጓዳ ወሬ ተደርጎ ይታያል። ልጅ ሌሊት አልተኛም ሲል ጣት የሚቀሰረው እናት ላይ ነው። «አላስለመደችውም»፣ «አሞላቀቀችው» ትባላለች። እናት ሥራ የምትውል ከሆነ ደግሞ ተረኛዋ ተወቃሽ ሞግዚቷ ናት። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን የአዲስ አበባን ሕፃን ቀን የሚያዛቡት አብዛኞቹ ነገሮች ያሉት ከቤት ውጭ ነው። የመሥሪያ ቤት ሰዓት፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የትምህርት ቤት ሰርቪስ፣ የጎረቤት ድምፅ ማጉያ ናቸው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት እስከ 3 ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት፣ ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት አለበት። 1 እና 2 ዓመት የሆነው ልጅ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ 3 እና 4 ዓመት የሆነው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ያስፈልገዋል። ይህ የቀኑንም እንቅልፍ ጨምሮ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ማታ 4 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት የሚቀሰቀስ የ2 ዓመት ልጅ ሌሊቱን ያገኘው 8 ሰዓት ብቻ ነው። ትንሹን ልክ ለመሙላት እንኳ ቀን ላይ 3 ሰዓት መተኛት አለበት። ቀን የሚያስተኛው ሰው ወይም ጸጥ ያለ ቦታ ካጣ በየቀኑ እየጎደለበት ይሄዳል ማለት ነው። እንቅልፍ ያነሰው ትልቅ ሰው ያንቀላፋል። ትንሽ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው፤ ይነጫነጫል፣ ይንፈራገጣል፣ ምግብ ይገፋል፣ ሲያስተኙት ይታገላል። ቤተሰቡም «ጥርስ ነው»፣ «ዓይን ነው»፣ «ጸባዩ ነው» እያለ ምክንያት ይፈልጋል። ልጁ ደክሞታል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው።

እንቅልፍ ለልጅ ዕረፍት ብቻ አይደለም። የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ነው። ቀን ያየውንና የሰማውን አእምሮው የሚያደራጀውም ተኝቶ ሳለ ነው። ስለዚህ «ቀን ካልተኛ ማታ ቶሎ ይተኛልናል» ብሎ ትንሽ ልጅን ቀኑን ሙሉ ማንቃት ብዙ ጊዜ ያሰቡትን አያመጣም። ከልኩ በላይ የደከመ ሕፃን ለመተኛት ይቸገራል፤ ቢተኛም ቶሎ ቶሎ ይነቃል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሕጉ ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ብቻ ይሰጥ ከነበረው ከቀድሞው አዋጅ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ መሻሻል ነው። አባት የሚያገኘው 3 ቀን ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ቀንና ሌሊትን አይለይም። ሲርበው ይነቃል፣ ሲጠግብ ይተኛል። የሰውነቱ ሰዓት መልክ መያዝ የሚጀምረው ከተወለደ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚህ ወቅት ቀን ብርሃን ማየቱ፣ ማታ መብራት መደብዘዙ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መታጠቡና መጥባቱ ቀኑን ከሌሊት እንዲለይ ያግዘዋል። 90ው ቀን የሚያልቀው ልክ በዚህ መሐል ነው። ሕፃኑ ሥርዓት መያዝ ሲጀምር ሥርዓቱን የምታውቀው እናት ወደ ሥራ ትመለሳለች። የ3 ቀኑ አባትማ ከተመለሰ ቆይቷል። ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ወሊድ ፈቃድ ብዙ ተብሏል፤ ስለ እንቅልፍ ግን የሚናገር የለም።

ከዚያ በኋላ ልጁ የሚውለው፣ አያት ቅርብ ካልሆነች፣ ከሞግዚት ጋር ነው። ሞግዚቷ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከክፍለ ሀገር የመጣች፣ ራሷም ልጅነቷን ያልጨረሰች ወጣት ናት። ልጅ ብቻ እንድትጠብቅ አልተቀጠረችም፤ ወጥ ትሠራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ቤት ትጠርጋለች፣ ውኃ በመጣ ሰዓት ጀሪካን ትሞላለች። ይህን ሁሉ የምትሠራው መቼ ነው? ልጁ ሲተኛ! የሕፃኑ የቀን እንቅልፍ የእሷ ብቸኛ የሥራ ሰዓት ነው። ስለዚህ ልጁ በ10 ሰዓት ተኝቶ እስከ 12 ሰዓት ቢቆይላት እሰየው ነው፤ እራቱ ይደርሳል። እናትና አባት ማታ 2 ሰዓት ላይ ከትራንስፖርት ወርደው ሲገቡ የሚያገኙት ግን ጠግቦ የተኛ፣ እስከ እኩለ ሌሊት የማይደክም ልጅ ነው። እነሱም ቀኑን ሙሉ አላዩትምና ሊያጫውቱት ይፈልጋሉ። ጠዋት ሁሉም ደክሞት ይነሣል፤ ጥፋቱም የሞግዚቷ ይሆናል።

በዚህ መሐል አደገኛው ነገር ይገባል። ልጅ እንዲተኛ የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ የመስጠት ወሬ በወላጆች ዘንድ አዲስ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሞግዚቶችን ለመክሰስ ነው፤ ነገር ግን ለረጅም መንገድ «ትንሽ ያስተኛዋል» ብሎ ማንኪያ የሚያነሣ ወላጅም አለ። እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች ለሕፃን ቀላል ነገር አይደሉም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ፕሮሜታዚን በተባለው መድኃኒት ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያደረገው፣ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ትንፋሽን አዳክሞ ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል ነው። ሐኪም ካላዘዘ በቀር ለሕፃን ማስተኛ የሚሆን ሽሮፕ የለም። ይህን ለሞግዚቷ በግልጽ መንገር፣ መድኃኒቱንም ቤት ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ያም ሆኖ አንዲት ልጅ በአንድ ቀን የሁለት ሰው ሥራ እንድትጨርስ እየጠበቁ «ልጁን በትዕግሥት አስተኚው» ማለት ብቻውን አይበቃም። የሥራ ዝርዝሯ ካልቀነሰ ትዕግሥቷም ያልቃል።

«አያቶቻችን ሰዓት ሳያዩ አሳድገውን የለም ወይ?» የሚል መልስ ሁሌም ይመጣል። እውነት ነው፣ ሰዓት አላዩም። ሰው ግን ነበራቸው። ሕፃኑ በአንቀልባ ታዝሎ እናቱ እህል ስትለቅም፣ ቡና ስታፈላ ጀርባዋ ላይ ይተኛል። እሷ ሲደክማት አክስት፣ ታላቅ እህት ወይም ጎረቤት ተቀብላ እሹሩሩ ትላለች። ማታ ሲጨልም ቤቱም ይጨልማል፤ ሁሉም በጊዜ ይተኛል። ይህ ራሱ ሥርዓት ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንዲት ሞግዚትና ቀኑን ሙሉ ከማይጠፋ ቴሌቪዥን ጋር የሚውለው ልጅ ሥርዓቱን የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል። መመሪያው ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ለ2 ዓመት ልጅም ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ብዙ ቤት ግን ልጅ የሚተኛው ስልክ እያየ ነው።

በሌላ በኩል ከማኅበራዊ ሚዲያ የሚቀዳው የደቂቃ ሠንጠረዥም ለዚህ ከተማ አልተሰፋም። ለሕፃኑ የብቻው ክፍል፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ድምፅ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ያለው ቤት ታስቦ የተጻፈ ነው። አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ቤተሰብ ይህን ማዘዝ ጭንቀት መጨመር ነው። የሚያስፈልገው ብዙ ብር የማይጠይቅ ነገር ነው። ጠዋት በተቀራረበ ሰዓት ማንቃት፤ ቀን መስኮት ከፍቶ ብርሃን ማሳየት፤ ዓይኑን ማሸት፣ ጆሮውን መጎተት፣ ፈዝዞ መቅረት ሲጀምር ማልቀሱን ሳይጠብቁ ማስተኛት። ማታ ደግሞ በየቀኑ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መያዝ፤ መታጠብ፣ መጥባት ወይም መብላት፣ መብራት መቀነስ፣ እሹሩሩ። ልጁ ሰዓት ማንበብ አይችልም፤ ቅደም ተከተል ግን ይለምዳል።

የእንቅልፉ ቁጥርም ከዕድሜው ጋር ይቀያየራል። በ6 ወር አካባቢ ቀን ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚተኛው ልጅ፣ ከአንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃዋል። አብዛኞቹ የቀን እንቅልፍን ጨርሰው የሚተዉት ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አንድ የጸና ደንብ ግን አለ። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቀንም ሆነ ሌሊት በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ መተኛት አለበት። ብርድ እንዳይመታው ብሎ ፊቱን በጋቢ መሸፈን ከልማድ መውጣት ያለበት ነገር ነው።

ልጁ 3 ዓመት ሲሞላው ሌላ ሰዓት ይጠብቀዋል። ብዙ የግል መዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሰርቪስ ይሰበስባሉ። መጀመሪያ የሚጫነው ልጅ ገና 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ በር ላይ መቆም አለበት። ውሎው ፊደል፣ ቁጥርና ደብተር ነው፤ ለቀን እንቅልፍ ፍራሽም ሰዓትም የሌለው ትምህርት ቤት ጥቂት አይደለም። ለዚህ ወላጅም ድርሻ አለው። «ከፍዬ ላስተኛው ነው እንዴ?» የሚል ወላጅ ባለበት ትምህርት ቤቱ ለእንቅልፍ ክፍል አያዘጋጅም። ውጤቱ 10 ሰዓት ላይ ይታያል፤ ልጁ ሰርቪስ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተኝቶ ይመጣል፣ ተሸክመው ያስገቡታል፣ ማታ ደግሞ 5 ሰዓት ድረስ ይነቃል። በማግሥቱ እንደገና 12 ሰዓት ተኩል።

ድምፁንም መርሳት አይቻልም። በአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የድምፅ ጣሪያው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። መሸታ ቤት ይሁን ሱቅ፣ ቤተ እምነት ይሁን ሠርግ፣ ይህን ጣሪያ የሚያልፍ ድምፅ ማጉያ በየሰፈሩ አለ። አቤት ያለ ሰው «ልማት ጠል» ወይም «እምነት ጠል» እንዳይባል ይፈራል። ሕፃን ግን ወገን የለውም፤ ከየትኛውም ወገን የመጣው ድምፅ ያነቃዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቤት ውስጥ እናት፣ አባትና ሞግዚት ልጁ መቼ እንደነቃ፣ መቼ እንደተኛ በአንድ ደብተር ይጻፉ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ረጅም እንቅልፍ እንዳይኖር ይስማሙ፤ ለዚህም እራት ቢዘገይ ወይም ወላጆች ራሳቸው ቢሠሩት ይቀበሉ። አባት ቢያንስ የማታውን ማስተኛት ይረከብ። የ2010ሩ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን በግል አሠሪ ላይ ተመሳሳይ ግዴታ አልጣለም። ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ብዙ ሴቶች የሚቀጥሩ ባንኮችና ፋብሪካዎች ከአንድ ክፍልና ከጥቂት ፍራሽ ሊጀምሩ ይችላሉ። መዋዕለ ሕፃናትን የሚቆጣጠረው አካል ፈቃድ ሲያድስ «ልጆቹ የት ይተኛሉ?» ብሎ ይጠይቅ። ወረዳውም የድምፅ መለኪያውን ይዞ ይውጣ።

እስከዚያው ድረስ፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ያላት የሥራ ባልደረባ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ስትገባ «ምን አድርገሽው ነው?» ከማለት በፊት፣ ማታ ስንት ሰዓት ቤቷ እንደገባች መጠየቅ ይቀድማል።