18 ዓመት ሲሞላስ?

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን 18 ዓመት ያልሞላውን አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል። እንግዲህ በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ልጅ 18 ሲሞላው በወረቀት ሙሉ ሰው ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ወጡ ከወጥ ቤት፣ ልብሱ ከዕቃ ቤት ሲመጣለት ኖሯልና ሽንኩርት በስንት እንደሚሸጥ አያውቅም። የካፌ እንጀራ የምንበላ እኛ ተማሪዎች በዚህ ልንስቅ አይገባንም።

ከሁሉ የሚከፋው የዋስ ነገር ነው። ገንዘብ ያዥ ወይም የመጋዘን ሠራተኛ ሆኖ ለመቀጠር ዋስ አምጣ ይባላል። አጎት የሌለው፣ የአባት ዕድርተኛ የሌለው ልጅ ማንን ያምጣ? ጠባዩን የሚያውቀው ያሳደገው ድርጅት ነውና እርሱ ዋስ ይሁነው እንላለን። «ቢያጠፋስ?» ለሚሉን፣ አባትም እኮ ይህንኑ እየሠጋ ነው የሚፈርመው።

ማሳደጊያዎችም 15 ዓመት ለሞላው ልጅ የሳምንት አስቤዛ ገንዘብ ይስጡት፤ ገበያ ወጥቶ ይከራከር፣ ይታለል፣ ያሳረረውንም ወጥ ራሱ ይብላው።

ከመካከላችንም ከማሳደጊያ የመጡ አሉ። ዩኒቨርሲቲው ለክረምት ሲዘጋ እኛ ሻንጣችንን ይዘን ወደ ቤታችን እንሄዳለን፤ እነርሱ ወዴት እንደሚሄዱ ግን ጠይቀን አናውቅም። ማኅበራችን ዶርሙ ሳይዘጋ መዝገብ ይክፈትላቸው።