ከመድረኩ አጠገብ

ይህ እትም መጪዎቹን የሙዚቃ ምሽቶች ያስተዋውቃል፤ ልቡ ግን ከትንንሾቹ የሙዚቃ ቤቶች ጋር ነው።

አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ የነበረውን ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ለአብነት ማንሳት ይበቃል። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ እዚያ እስክስታ እየወረደ፣ ከታዳሚ በሚያገኘው ሽልማት እየኖረ ለዓመታት ቆየ፤ ኋላም ቤቱን ተረክቦ ማሲንቆና ክራር ከጃዝና ከሥዕል ጋር የሚገናኙበት አደረገው። ኢትዮከለር የተባለው ባንድም የበቀለው ከዚያው ነው። በአዝማሪ ቤት አዝማሪው እንግዳው ፊት ቆሞ ስሙን ይጠይቃል፣ እዚያው ይገጥምለታል፤ ታዳሚውም ስንኝ ይሰጠዋል። ይህ በስታዲየም አይሆንም!

እንዲህ ያለው ቤት ግን ዕድሜው አስተማማኝ አይደለም። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዛምባ የተባለ የሙዚቃ ቤት በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ወደመ። ፈንድቃም በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ መልሶ ማልማት ፈረሰ።

ስለዚህ አንባቢ ለመጪው ምሽት በጊዜ ይድረስ፤ መግቢያውን ይክፈል፤ ለአዝማሪው የሚሸልመውንም ይያዝ።