የኅዳርን ውሃ አትመኑ፤ የሚያዝያን ለኩ

 

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ስለ ወንዝ ውሃ ልክ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ አንዳንዶቻችሁንም ሊያስቆጣ ይችላል። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ተሟገቱኝ።

ነገሬ አጭር ነው። ሽንኩርታችን ኮረት በሚይዝበት በየካቲትና በመጋቢት የሚጠወልገው ወንዙ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ወንዝ በበጋ ማነሱ የየዓመቱ ነው፣ አያቶቻችንም ያውቁታል። የሚጠወልገው ምን ያህል እንደሚያንስ ሳንለካ በኅዳር ባየነው ውሃ ተማምነን ስለምንተክል ነው።

ለጎርፉ ሁሉም ይመጣል

በ1998 ዓ.ም ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ አገር ሁሉ ሰማ። ጎርፍ ድምፅ አለው፤ ጀልባ ያስመጣል፣ ካሜራ ያስመጣል። የበጋው መጉደል ግን ድምፅ የለውም። ዛሬ አንድ ጣት፣ ነገ አንድ ጣት እያለ ነው። «እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ» ይባል የለ? በእኛ አገር ደግሞ ውሃው ራሱ እያሳሳቀ ይሄዳል። አንድ ቀን ጠዋት ሞተራችሁን አስነስታችሁ ቱቦው አየር ሲስብ ነው የምትነቁት። ያን ጊዜ ለችግኙ፣ ለማዳበሪያው፣ ለነዳጁ፣ ለቀን ሠራተኛው ያወጣችሁት ገንዘብ መሬት ውስጥ ነው፤ ብድሩ ግን እንዳለ ነው። ጣና ከደጃችን ተኝቶ «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይሄ ነው።

ከጥቅምት በኋላ በርብና በጉማራ የምታዩት ውሃ በአብዛኛው የዕለቱ ዝናብ አይደለም። የጉና ተራራና ተዳፋቱ በክረምት የጠጣው ውሃ ነው፣ ቀስ እያለ የሚወጣው። ጎተራ በሉት። እስከ ሰኔ ድረስ ማንም አይሞላውም፣ የሚቀነስ ብቻ ነው። ታዲያ ጎተራውን በኅዳር ሙሉ ስላየ ብቻ እስከ ክረምት ቤተሰቡን ሳይሰፍር የሚያበላ ገበሬ አለ? የለም። እህሉን በቁና እንሰፍራለን፣ ውሃውን ግን በዓይን።

ሒሳቡ ይሄን ያህል ከባድ አይደለም

በቦይ የሚጠጣ አንድ ሄክታር ሽንኩርት፣ ማለትም አራት ጥማድ፣ በሙቀቱ ወራት የሚባክነው ተደምሮ በሰከንድ አንድ ሊትር ገደማ ሌት ተቀን ይፈልጋል። ይህ በግምት የሚያዝ ነው፣ እንደ አፈሩና እንደ አጠጣጣችሁ ከፍ ዝቅ ይላል። ባለ 3 ኢንች የውሃ ሞተር ደግሞ በሰከንድ 10 ሊትር ያህል ይስባል። እንግዲህ በአንድ ወንዝ ላይ አሥር ሞተር ባንዴ ቢነሳ በሰከንድ 100 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ወንዙ በዚያ ሰዓት ያለው 90 ሊትር ከሆነ ከታች ያለው ሰው ምን ይጠጣል? ከብቱስ?

አሁን አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የእናንተ ወንዝ ታኅሣሥ 1 ቀን ሲለካ በሰከንድ 400 ሊትር ሆነ እንበል። ጥር 1 ቀን ደግማችሁ ስትለኩ 320 ሆነ። በአንድ ወር ከአምስት አንድ እጁ ጎደለ ማለት ነው። ዝናብ ካልገባ አጎዳደሉ በዚሁ መጠን ይቀጥላል ብላችሁ ብታሰሉ፣ የካቲት 256፣ መጋቢት 205፣ ሚያዝያ 164 ይሆናል። እንግዲህ ታኅሣሥ ላይ 400 ሊትር አይቶ 400 ሄክታር የተከለ መንደር፣ ሚያዝያ ላይ ከግማሽ በላይ ማሳው ውሃ የለውም። ይህን ለማወቅ ምርምር ጣቢያ መሄድ አያስፈልግም፣ ሁለት ቀን መለካት ብቻ ነው። እያንዳንዱን ዓመት ብትመዘግቡ ደግሞ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ገና ችግኝ ሳታፈሱ የክፉውን ዓመት ሚያዝያ ታውቁታላችሁ። የምትተክሉት ለዚያ ነው እንጂ ለጥጋቡ ኅዳር አይደለም።

መለኪያው ላይ የምንሠራው ግፍ

በርብም በጉማራም የመንግሥት የውሃ መለኪያ ጣቢያ አለ። በአባይ ተፋሰስ እንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች በብዛት መተከል የጀመሩት በ1950ዎቹ ነው። ዳር ላይ የቆመው ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ጌጥ አይደለም። ብዙ ጊዜ በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ አንድ ሰው መጥቶ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ያነባል።

ልብ በሉ! ሰሌዳው የሚነግረው ከፍታን ነው፣ የሚሄደውን የውሃ መጠን አይደለም። ባለሙያዎች በየጊዜው ወንዙ ውስጥ ገብተው ፍሰቱን ይለኩና «ይህን ያህል ከፍታ ማለት ይህን ያህል ውሃ ነው» የሚል ሰንጠረዥ ያወጣሉ። ሰንጠረዡን የሚያበላሸው ምን መሰላችሁ?

አንደኛው እኛው ነን። ሞተራችን እንዲስብ ብለን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አሸዋ ሞልተን ከሰሌዳው በታች ወንዙን እንገድባለን። ውሃው ይቆማል፣ ሰሌዳው ላይ ከፍ ይላል። አንባቢው ሲመጣ «ውሃ ሞልቷል» ብሎ ይጽፋል፤ ከታች ግን ጠብታ አያልፍም። ወንዙ በደረቀበት ቀን መዝገቡ ጥጋብ ይላል ማለት ነው! ነገ «ውሃ አጥሮን ነበር» ብላችሁ አቤት ብትሉ መዝገቡ ውሸታም ያደርጋችኋል። በገዛ እጃችን ምስክራችንን ገደልነው።

ሁለተኛው ደለል ነው። በጉማራ መለኪያ ጣቢያ በተደረገ ጥናት የወንዙ ጥልቁ ወለል እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2009 ባለው ጊዜ 2.91 ሜትር ከፍ ብሏል። ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ነው! እንዲህ በሚሞላ ወንዝ ላይ የድሮው ሰንጠረዥ ለዛሬው ውሃ አይሠራም። በክረምት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሳሳት ብዙም አይጎዳም፣ በበጋ ግን ያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ግማሹ ወንዝ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ሞተር የሚነሳው ረፋድ ላይ ነው፣ የሚቆመው አመሻሽ ላይ። በማለዳ የተነበበው ሌሊት ያረፈውን ወንዝ ነው። ማታ የሚነበበውም ማገገም ከጀመረ በኋላ ሊሆን ይችላል። እኩለ ቀን ላይ የተሰነጠቀውን አሸዋ ማን መዘገበው?

እዚህ ላይ ለሚመለከታቸው ቢሮዎችም አንድ ቃል አለኝ። ወንዝ ሲደርቅ መዝገቡ ላይ ባዶ ቦታ አይተውም፤ ዜሮ ይጻፋል። ባዶ ማለት «አልታየም» ነው፣ ዜሮ ማለት «ታየ፣ ውሃ የለም» ነው። ገበሬው ያጣውን ውሃ ባዶ ቦታ አይናገርለትም። የመስክ ልኬት ጉዞም ለክረምት ብቻ አይሁን። ለአንድ ዓመት የሚበቃ በጀት ካለ ግማሹ ለመጋቢትና ለሚያዝያ ይዋል። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ የጎርፉን ልክ ይፈልጋል፣ እንጀራ የሚበላ ሰው ግን የበጋውን።

የምትሉኝን አውቃለሁ

«ወንዝ የእግዜር ነው፣ ይለካል እንዴ?» ዝናብም የእግዜር ነው፣ እህልም የእግዜር ነው። እህሉን ሳንሰፍር ግን ለማንም አናበድርም።

«ዓይናችን ያውቃል፣ አርባ ዓመት ኖረንበታል።» አባቶቼ፣ የእናንተን ዓይን አከብራለሁ። ነገር ግን የላይኛው ሰው ዓይንና የታችኛው ሰው ዓይን ተስማምተው ያውቃሉ? የላይኛው «ገና ብዙ አለ» ይላል፣ የታችኛው «ጨረሳችሁብን» ይላል። ከዚያ ዱላ ነው። ቁጥር ግን የማንም ወገን አይደለም።

«ከለካን ግብር ይመጣብናል፣ ይከለክሉናል።» ይህ ፍርሃት ይገባኛል። ግን የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ባህላዊ መስኖን ፈቃድ ከማውጣት ነፃ አድርጎታል። ይኸው አዋጅ ለሰው መጠጥና ለቤት አገልግሎት የሚውል ውሃ ከሁሉም ይቀድማል ይላል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ደግሞ ተጠቃሚዎች ተደራጅተው መስኖውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፍቷል። ያልተለካ ውሃ ግን እንዴት ይተዳደራል? ደብተሩ በእናንተ እጅ ይሁን። ቁጥር የሌለው ሰው ነው ሁልጊዜ ሌላው የሚወስንለት።

«የርብ ግድብ አለ፣ ምን አሳሰበህ?» ግድቡ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንዲይዝ የታሰበ ትልቅ ጎተራ ነው። ጎተራ ስላለኝ ቁና አያስፈልገኝም የሚል ገበሬ ግን አይቼ አላውቅም። ከግድቡ ስንት ተለቀቀ፣ ከመጨረሻው ማሳ ስንት ደረሰ? ልዩነቱን የሚያውቀው የለካ ብቻ ነው። ከግድቡ ውጭ ያሉት ትናንሽ ጅረቶችስ?

እንዴት እንለካ?

1. ምንጭና ትንሽ ጅረት ከሆነ፦ ውሃውን በቱቦ ወይም በቆርቆሮ አሸንዳ ሰብስባችሁ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ። በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ8 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 2.5 ሊትር ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ መካከለኛውን ያዙ።

2. መካከለኛ ጅረት ከሆነ፦ ሳንቃ ላይ ጎኖቹ እኩል የሆኑ፣ ሹሉ ወደ ታች የሆነ ባለ 90 ዲግሪ ማዕዘን ቁረጡ። ሳንቃውን ቀጥ አድርጋችሁ ጅረቱ ላይ አቁሙ፣ ዳርና ዳሩን በጭቃ ድፈኑ። ውሃው በሙሉ በማዕዘኑ በኩል ወደ ታች ይውደቅ። ከሳንቃው ወደ ላይ ራቅ ብላችሁ የውሃውን ከፍታ ከማዕዘኑ ጫፍ አንጻር ለኩ። 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሰከንድ 4.4 ሊትር፣ 15 ከሆነ 12 ሊትር፣ 20 ከሆነ 25 ሊትር ገደማ ነው። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ውሃው ከአምስት እጥፍ በላይ እንደሆነ አያችሁ? ዓይን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስትጨርሱ ሳንቃውን አንሱት።

3. ወንዝ ከሆነ፦ ቀጥ ያለ 10 ሜትር ቦታ ምረጡ። ስፋቱን ለኩ፣ ጥልቀቱን አምስት ስድስት ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። ነፋስ እንዳይገፋው ግማሹን ውሃ የሞላችሁት ትንሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ልቀቁና 10 ሜትሩን በስንት ሰከንድ እንደሄደ ቁጠሩ። ለምሳሌ ስፋት 3 ሜትር፣ ጥልቀት 20 ሴንቲ ሜትር፣ ጊዜው 40 ሰከንድ ቢሆን፦ 3 ሲባዛ በ0.2፣ 0.6። ፍጥነቱ 10 ሲካፈል ለ40፣ 0.25። ሁለቱ ሲባዙ 0.15። ላይ ላዩ ከታቹ ስለሚፈጥን በ0.8 አባዙት፣ 0.12 ይሆናል። በሰከንድ 120 ሊትር ማለት ነው። ግምት ነው፣ ግን ከዓይን ይሻላል።

የምትለኩበት ቀን የላይኞቹ ሞተሮች እንዲቆሙ ተነጋገሩ። ካልቆሙ ስንት እንደሆኑ ቁጠሩና ጻፉ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ለኩ። በወር ሁለት ቀን ይበቃል፣ 1 እና 15። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን በደብተር ጻፉ፣ ፎቶ አንሱና በቀበሌያችሁ ግሩፕ ላይ ልቀቁት። የላይኛውም የታችኛውም እኩል ይየው።

ከመንግሥት መለኪያ ጣቢያው ግን እጃችሁን አንሱ። ከሰሌዳው አጠገብ አትገድቡ፣ ከብት አትሰሩበት፣ ብረቱን አትንቀሉ። ሲነቀል ያያችሁ ዝም አትበሉ።

ከዚያ በኅዳር ተሰብሰቡ። ከሚያዝያው ውሃ መጀመሪያ የሰውን፣ ቀጥሎ የከብቱን፣ ከዚያ የታችኛውን ጎረቤት ድርሻ ቀንሱ። የተረፈውን በሄክታር አካፍሉት። ሽንኩርት የማይደርሰው ማሳ ካለ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዝራ። ሽምብራ የዘራ ሰው ሽምብራ ያገኛል፤ ያለ ውሃ ሽንኩርት የተከለ ሰው የሚያገኘው ዕዳ ነው።

በዚህ የማይስማማ ካለ ከሥር ይጻፍልኝ፣ እንነጋገር። የምትስማሙ ደግሞ ለላይኛው ጎረቤታችሁም ለታችኛውም ሼር አድርጉት። የመጀመሪያውን ቁጥራችሁን እጠብቃለሁ፦ የወንዙን ስም፣ ቀኑንና በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሆነ።