ጎደሬው ተማሪውን ይጠብቃል

ሚዛን ከተማ ላይ ክረምቱ ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ ይወጣል። በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚጠጣ መሬት ነው፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ጭቃው ከጫማ አይለቅም። ከጎንደር ወይም ከሐረር ተመድቦ የመጣ ፍሬሽ ተማሪ በአውቶቡሱ መስኮት ያየውን አረንጓዴ ሲያወራ ይሰነብታል። ካፌ ሲገባ ግን የሚጠብቀው በየትኛውም የአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሚቀርበው ሽሮ፣ ምስርና ዳቦ ነው። ከአጥሩ ማዶ ሙዙ፣ ጎደሬው፣ እንሰቱ፣ ኮረሪማው በአንድ ጓሮ ተቃቅፈው ቆመዋል።

ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሞ ግቢዎቹ ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሚራራቁ ሁለት ከተሞች ተከፋፍለዋል። ከተሞቹ ዙሪያቸውን በቡናና በቅመም ተከበዋል። ተማሪዎች አትክልት የሚያለሙበት ቦታ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? ነገር ግን የተማሪ አትክልት ሲባል በየትምህርት ቤቱ ክበብ መጀመሪያ የሚታሰበው ቲማቲም፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ነው። መደብ ይወጣል፣ ገመድ ይዘረጋል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ዝናቡ ሲበረታ የቲማቲሙ ቅጠል ይጠቁራል፣ ፍሬውም ሳይቀላ ይበሰብሳል። ሐምሌ ላይ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ አገሩ ይገባል። በጥቅምት ሲመለስ መደቡን የሚያገኘው በአረም መካከል መንገድ ጠርጎ ነው፤ ያውም የት እንደነበረ ካስታወሰ።

ይህን በተማሪው ስንፍና ማሳበብ ይቀናል። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ግን ጥፋቱን ሰብሉ ላይ ያደርጋል። ቲማቲም በየቀኑ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። የተማሪ ጓሮ የሚያስፈልገው ባለቤቱን የሚጠብቅ ሰብል ነው፤ እንዲህ ያለ ሰብል ደግሞ የቤንች፣ የሸኮና የሸካ ገበሬ ከጥንትም አለው።

ጎደሬን እንውሰድ። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ይተከላል፤ ያኔ ተማሪው ግቢ ውስጥ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተኮተኮተ በኋላ ሰፊው ቅጠሉ መሬቱን ጥላ ስለሚያለብሰው አረሙን ራሱ ያፍነዋል። ክረምቱን ማንም ሳያየው ይከርማል። ተማሪው ሲመለስ ሥሩ ደርሷል፤ ቢደርስም ዛሬውኑ ንቀሉኝ አይልም፤ አፈር ውስጥ እንዳለ ለምግብ በሚፈለገው መጠን እየተቆፈረ ይወጣል። ቦዬም ጠባዩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንሰት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ለመድረስ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ፍሬሽ ሆኖ እንሰት የተከለ ተማሪ ጋውን ለብሶ ሲመረቅ እንሰቱ ገና ይሆናል፤ ቆጮውን የሚበላው የማያውቀው ታናሹ ነው።

እነዚህን ሰብሎች ማልማት ግን ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ምላስና ጉሮሮ ያሳክካል፤ ጥሬውን ሲልጡት እጅን የሚበላው በውስጡ ያለው ካልሲየም ኦክሳሌት የተባለ መርፌ መሰል ቅንጣት ነው። ይህን የኬሚስትሪ መምህሩ ያስረዳል። ስንት ሰዓት እንደሚቀቀልና የትኛው ዝርያ ለየትኛው አፈር እንደሚሆን የሚያውቁት ግን የሠፈሩ እናቶች ናቸው። ኤሊዛቤት ሂልደብራንድ የተባለች የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ ሸኮዎች እንሰትና ቦዬን በጫካም በጓሮም እንዴት እንደሚይዙ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2003 ጽፋለች። ሰው ተክልን እንዴት እንዳላመደ ለማወቅ ባሕር ተሻግራ የመጣችበት ጓሮ ለእኛ ተማሪ በእግር የሚደረስ ነው። እነዚያ እናቶች በወር አንድ ቀን ግቢ ገብተው ቢያስተምሩና ለድካማቸው አበል ቢታሰብላቸው ምን ይከለክላል?

ሰብልን ማሰባጠርም ቀልድ አይደለም። ዝንጅብል የዚህ አካባቢና የደቡብ ብዙ ገበሬ የገንዘብ ምንጭ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በባክቴሪያ የሚመጣ የአጠውልግ በሽታ ገብቶ ማሳውን እንዳለ ጠራርጎ ወሰደው። በሽታው በአፈርና በዘር ዝንጅብሉ ስለሚተላለፍ ከጎረቤት ለዘር የተበደሩት ዝንጅብል ጭምር በሽታውን ይዞ መጣ። ማሳውን ሁሉ ለዝንጅብል የሰጠ ገበሬ ባዶ እጁን ሲቀር ጓሮው የተቀላቀለው ጎደሬውን ቆፍሮ በላ። የቅመማ ቅመም ምርምር የሚካሄድበት የግብርና ምርምር ማዕከል ቴፒ ላይ አለ፤ ተማሪዎች ከበሽታ የጸዳ ዘር መፈለግን ከዚያ ቢጀምሩ ይጠቀማሉ።

ጨሞን ያልቀመሰ ስለዚህ አገር ጓሮ ገና አልሰማም። የቡና ቅጠል በምጣድ ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጤና አዳምና ከጨው ጋር ይፈላል፤ ከተቀቀለ ጎደሬ ጋር ይጠጣል። ለጨሞ የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ከጨው በቀር፣ በአንድ መለስተኛ መደብ ላይ ይበቅላል። ቡናችን ፍሬው ተጭኖ ሲሄድ ቅጠሉ እዚሁ ቀርቶ የሚጠጣ መሆኑን ብዙ አዲስ አበቤ ሲሰማ አያምንም።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕፃናቱ የሚመገቡት የምግብ ዓይነት ማነሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ ይላል። ነገ ጤና ጣቢያ ተመድቦ እናቶችን «አሰባጥራችሁ መግቡ» የሚለው ይኸው ዛሬ በሽሮ የሚያድረው ተማሪ ነው።

ገንዘቡስ? በ2017 ዓ.ም. መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመድበውን ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ አድርጓል። ለሦስት ጊዜ ማዕድ አሁንም ጠባብ ነው። ቢሆንም ከዚያ ላይ ጥቂቱ ከተማሪዎቹ ጓሮና ከአጥር ማዶ ካሉ ገበሬዎች ለሚገዛ ጎደሬ፣ ሙዝና ጎመን ቢውል ወጥ ቤቱ ትኩስ አትክልት ያገኛል፣ ክበቡም ለመኮትኮቻና ለችግኝ የሚሆን ገቢ ይኖረዋል። ገዥ የሌለው የተማሪ አትክልት ከፎቶ አልፎ አያውቅም። ለማዳበሪያው ደግሞ ማሰብ አያሻም፤ የቡና ገለባ በየመፈልፈያው ደጃፍ ተከምሮ ይበሰብሳል፣ ከወጥ ቤቱ ልጣጭና ከከብት እበት ጋር ሲቀላቀል ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል።

ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አዲስ ነገር አይደለም። በ1945 ዓ.ም. የተከፈተው የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተማሪ ከክፍል ወጥቶ ማሳ ይገባ ነበር። ስሎው ፉድ የተባለው ከጣሊያን የተነሣ እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ2010 በአፍሪካ 1000 የትምህርት ቤትና የማኅበረሰብ ጓሮዎችን ለማቋቋም ሲነሣ፣ ኋላም ግቡን ወደ 10 ሺህ ሲያሳድግ፣ የየአገሩን የራሱን ዘር መትከልን መመሪያው አድርጎ ነው። በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ግን በዋናነት ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ላይ አተኩሯል። ሥራ ሥሮቹ መፈክር አላገኙም።

የሚዛንና የቴፒ የተማሪ ክበባት ለጎደሬ ተከላ የሚሆናቸው ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። መትከያ ዘሩን ለማግኘት ገበያ ወርዶ እናቶቹን መጠየቅ ይበቃል።