ማን ቀረላቸው?

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆ ለስብከተ ወንጌል ተልከው የነበሩ ወጣቶች ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላቸው ተመልሰው የጉዞአቸውን ዜና ሲያሰሙ ከምእመናኑ ጋራ ተቀምጬ አደመጥሁ። በግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የሚታየው ፎቶግራፍ ከአንድ ሰፊ የግራር ጥላ ሥር ቆመው እጃቸውን ያነሡ ወንዶችንና ሴቶችን ያሳያል፤ ከፊተኛው ረድፍ አንዲት እናት በግራ ክንዷ ሕፃኗን አቅፋ ቀኝ እጇን እንደ ጎረቤቶቿ አንሥታለች፤ ዓይኗ ግን የተተከለው በአስተርጓሚው አፍ ላይ ነበር። ስብከቱ ከአማርኛ ወደ ጎረቤት ሕዝብ ቋንቋ፣ ከዚያም ወደ ባላገሮቹ ልሳን፣ በሁለት አፍ አልፎ እንደ ደረሳቸው ዘገባ አቅራቢው ራሱ ነገረን። ጌታን የተቀበሉት ሰዎች ቁጥር በተነገረ ጊዜ አዳራሹ በእልልታ ተሞላ፤ ይህም ሕዝብ ከእንግዲህ ወዲህ «ያልተደረሰ» ከሚባሉት ዝርዝር እንደሚወጣ ተበሠረ። ያን ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው፣ «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። እንግዲህ ከእናንተ መካከል ማን ቀረላቸው?» ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ «ክትትሉ በዕቅድ ተይዟል፣ አባባ» የሚል ብቻ ነበር፤ ጉባኤውም በጸሎት ተዘጋ።

እኔ በወጣቶቹ ላይ ቅሬታ የለኝም። ፀሐዩን፣ አቧራውንና የወንዙን ዳር ትንኝ ችለው የሄዱት ለክርስቶስ ባላቸው ፍቅር እንደ ሆነ ፊታቸው ይመሰክራል። ቅሬታዬ፣ ሄዶ ማየትንና ቈጥሮ መመለስን ሐዋርያዊ ተልእኮ ብለን ባስተማርናቸው በእኛ በላኪዎቹ ላይ ነው። በዚህ ዓምድ ስለ ቁጥር የቆየ ሙግት እንዳለኝ የዘወትር አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ፤ ባለፈው ጊዜ በጻፍሁት የተቈጡ አንድ አንባቢ፣ ቁጥር ካልተነገረ የሰጪ ልብ እንደማይነሣ በደብዳቤ ገልጸውልኛል። በቁጥር የተነሣ ልብ የከርሞው ቁጥር ሲያንስ ተመልሶ ይተኛልና፣ በዚህ ላይ ከዚህ የበለጠ የምመልሰው የለኝም።

ይልቁን የሽማግሌውን ጥያቄ በሰማሁ ጊዜ ወዲያው በልቤ የመጣው የአባታችን የፍሬምናጦስ ነገር ነበር። ይህ የጢሮስ ሰው ገና በልጅነቱ ከባልንጀራው ከኤዴስዮስ ጋራ በባሕር ጠረፍ ተማርኮ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ከገባ በኋላ፣ ነገሥታቱን እያገለገለ፣ የአገሩን ቋንቋና ልማድ እየተማረ፣ ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች እየሰበሰበና የጸሎት ቤት እንዲሠሩ እያተጋ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ነፃነቱን ባገኘ ጊዜም ኤዴስዮስ ዘመዶቹን ናፍቆ ወደ ጢሮስ ሲመለስ እርሱ ወደ እስክንድርያ ወረደ። በቅዱስ አትናቴዎስ ፊት ሲቆም ስንት ሰው እንዳመነ ሊያስቈጥር የሚችል ሰው ነበር፤ ወደ ጳጳሱ ያደረሰው ግን አንድ ልመና ብቻ ነው፤ በዚያ አገር ምእመናን አሉ፣ እረኛ ግን የላቸውምና የሚቀመጥላቸው ጳጳስ ይላክላቸው የሚል። አትናቴዎስም ከካህናቱ ጋራ ከመከረ በኋላ ለዚህ ሥራ ከለማኙ የተሻለ ሰው አላገኘም፤ ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ መለሰው፤ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ እስከ ዛሬ የሚጠራውም ስለ ተመለሰ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳንም እንዲሁ ናቸው፤ ከደብረ ዳሞ እስከ አባ ገሪማ የመሠረቱአቸው ገዳማት የሚገኙት በተወለዱበት ሳይሆን በደከሙበት አገር ነው።

ይህ የጥንት ዘመን ነገር ነው የሚለኝ ቢኖር የኦኔሲሞስ ነሲብን ዘመን ያስብ። ኢሉባቦር ውስጥ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ታፍኖ ለባርነት ተሸጦ፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው ይህ ሰው፣ በ1881 ወንጌልን ይዞ በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቹ አገር ሊገባ ቢነሣ መንገዱ ተዘግቶበት ተመለሰ። ነገር ግን የተዘጋበትን ዘመን በከንቱ አላሳለፈውም፤ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ተቀምጦ፣ እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋራ እየደከመ አዲስ ኪዳንን በ1893፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ አሳተመ። ነቀምት የገባው በ1904 ነው፤ ከመጀመሪያው ጉዞው 23 ዓመት ቈይቶ ማለት ነው፤ ከዚያም በኋላ በ1931 እስካረፈ ድረስ እያስተማረ በዚያው ኖረ። በ1898 አስቀድሞ ወደ ወለጋው ቦጂ የወረደው የሐማሴኑ ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስም ለጉብኝት አልሄደም፤ በ1905 ከቃጠሎ ሰው ሊያድን ሲል በእሳት የሞተው በዚያው በቦጂ ነው።

ስለ ወላይታ ግን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም የዛሬዎቹ ዘገባ አቅራቢዎቻችን ምሳሌ ሲሹ ዘወትር ወላይታን ያነሣሉ፤ የሚያነሡትም የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ስለ ሆነ ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ ሰሚው ሳያውቅ ይቀራል። በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1920 ዓ.ም.፣ ወደ ደቡብ የወረዱት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ሐሳባቸው ጂማ ለመግባት ነበር፤ መንገዱ አልሆን ቢላቸው ከፊሎቹ በሶዶ ተቀመጡ። ያም ምድር ቢሆን ፈጽሞ ያልታረሰ አልነበረም፤ ከእነርሱ አስቀድሞ ከጋሞ የተነሣው ኤሳ ላሌ፣ ሕዝቡ ለመናፍስት መሠዋትን ትቶ ጦሳ ወደሚሉት ወደ አንዱ ፈጣሪ ብቻ እንዲጸልይ እየዞረ ሲያስተምር ታስሮ ነበር። ሚሲዮናውያኑ ቋንቋውን ተማሩ፣ ሕመምተኛ አከሙ፣ ከወንጌል ጥቂት ክፍል ወደ ወላይትኛ መለሱ፤ የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች የተጠመቁት ግን በታኅሣሥ 1926 ነው። እስከዚያ ድረስ አምኜአለሁ የሚለውን ሁሉ አልቸኰሉበትም፤ እንደ ጥንቱ ንኡሰ ክርስቲያን ሥርዓት አስተማሩት፣ ከቤተ ሰቡና ከጎረቤቱ ጋራ እንዴት እንደሚኖር ተመለከቱ፣ ጠየቁት፣ ደግመው ጠየቁት። በሚያዝያ 1929 የኢጣልያ መንግሥት ከሶዶ ባስወጣቸው ጊዜ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ደክሞ 48 ሰው! ባለፈው እሑድ በተሰበሰብንበት አዳራሽ ይህ ቁጥር ቢነገር ማንም እልል አይልም ነበር።

እንግዲህ ከጠላት መባረር በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ ምእመናን ያገኙት እንዴት ነው? እነዚያ 48ቱ በአገራቸው የቀሩ ስለ ሆኑ ነው እላለሁ። የሚሰብኩት ከእናታቸው ጡት ጋራ በጠቡት ቋንቋ ነበር፤ ሽማግሌዎቻቸውን ራሳቸው መርጠው ሾመዋል፤ ሰው ሲሞት የሚቀብሩት፣ ሙሽራ ሲዳር የሚመርቁት፣ ቅዱስ ቍርባንን የሚያቀርቡት እነርሱ ነበሩ እንጂ የውጭ ሰው መምጣትን አይጠባበቁም። ኢጣልያኖች የጸሎት ቤታቸውን ባፈረሱ ጊዜ ደግመው ሠሩ። ከእነዚህ ምእመናን አንዱ የሆነው ዋንዳሮ ዳባሮ ታስሮ፣ በሕዝብ ፊት ተገርፎ፣ ከተለቀቀ በኋላ ወደ ስብከቱ ተመለሰ። ምእመናኑ ለታሰሩት ወንድሞች ስንቅ ይዘው ወደ ወህኒው ሲመላለሱ ያላመኑት ጎረቤቶቻቸው አዩ፤ ለሥጋ ዘመድ እንኳ እንዲህ አይደረግም ብለው የዚህን ፍቅር ምንጭ ጠየቁ። የእሑዱ ፎቶግራፍ ሊያሳየን ያልቻለው ይህን ነው፤ በጅራፍ ፊት የሚጸና ሃይማኖት ሰው ሰውን ዓመት ከዓመት እያየ፣ በኀዘኑም በደስታውም አብሮት እየዋለ የሚተላለፍ ነውና።

ከዚያም እነዚሁ ሰዎች ለራሳቸው አግኝተው ዝም አላሉም። ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ፣ ወደ ሲዳማ፣ ወደ ማሌና ወደ አሪ፣ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው በእግራቸው ወጡ፤ ወላይታን ለቅቆ በጎፋና በኦሞ ሸለቆ ሕዝቦች መካከል ዕድሜውን በስብከት የፈጸመው ወንጌላዊ ማሃይ ጮራሞ ከእነርሱ ወገን ነው። የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ በንዳድ ተመታ፣ ልጅ ቀበረ፣ እርሻ ለመነ፣ ባዕድ ተባለ፤ ግን ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። የዛሬው የደቡብ አብያተ ክርስቲያናት መሠረት ይህ ነው፤ የተጣለውም አብዛኛውን ጊዜ ከላኪው አጥቢያ ከምትመጣ ጥቂት መባ በቀር ሌላ ደመወዝ በሌላቸው ሰዎች እጅ ነው።

የኦሞ ሸለቆን ሕዝቦች በልማዳቸው ተዉአቸው የሚሉም አሉ። መንገዱ፣ የስኳር እርሻው፣ ካሜራ ያነገተው ጎብኚ ወደ ኦሞ ሲገባ ዝም ብለው ወንጌላዊው ብቻ እንዲቀር ለምን እንደሚሹ እነርሱ ያስረዱን። የማንንም ዘፈንና ጌጥ ማጥፋት የክርስቶስ ትእዛዝ አይደለም፤ የምሥራቹን ከሰው መከልከል ግን ለማንም አልተፈቀደም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ግን ብዕሬ ካሰብሁት ውጭ ወደ አንድ ሌላ ነገር ይስበኛል። ከላይ አስቴር ጋኖን በአንድ ሐረግ አልፌአት ሄጃለሁ፤ የሕዝቡን ተረትና ዘፈን በመቶዎች የሚቈጠር አድርጋ የሰበሰበች፣ ቃላቱን መርጣ ለትርጕሙ ያቀረበች ሴት በሐረግ የምትታለፍ አልነበረችም። የወላይታንም ወንጌላውያን ስንጠራ «ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው» እንላለን፤ ሚስቲቱ ከጓዙ ጋራ የተጫነች ትመስላለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሶዶ ላይ ከእነዚህ አንዷን፣ በጣም ያረጁ ባልቴት፣ በቤታቸው አግኝቼ ነበር። እንሰታቸው በጓሮ አለ፤ ቡና አፍልተው በቅቤ አጠጡኝ፤ የባላቸው ፎቶግራፍ በመስታወት ተሰቅሏል፣ የእርሳቸው ግን የለም። «እማማ፣ መጀመሪያ ያመነው ሰው ማን ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «የቱ ቤት ነው የምትለኝ፣ ልጄ? የወንዶቹ ነው ወይስ የሴቶቹ?» አሉኝ። ወደ ቆላው በወረዱበት ዓመት ወንዶቹ ባላቸውን በትሕትና እየሰሙ ይበተኑ ነበር እንጂ ወደ ቤታቸው የሚገባ አልነበረም፤ እህልም የሚሸጥላቸው አላገኙም። አንድ ሌሊት ግን የጎረቤት ሴት ምጥ ጸንቶባት ተጠሩ፤ እስኪነጋ ድረስ ጀርባዋን ደግፈው አደሩ፤ ልጁም በሕይወት ተወለደ። በማግሥቱ የዚያች ሴት እናት እንስራ ውሃ ተሸክማ መጥታ በደጃፋቸው አስቀመጠች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሴቶች በእሳታቸው ዳር መቀመጥ ጀመሩ፤ ቋንቋውንም ከእነርሱ ተምረው ባላቸውን ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። በዚያ አገር ሁለት ልጆች ቀብረዋል። ለላኪው አጥቢያ በየጊዜው የሚጻፈው ደብዳቤ ግን ስለ ባላቸው ድካም ብቻ የሚናገር ነበር፤ ባላቸው ሲያርፉም በየወሩ ትመጣላቸው የነበረች መቋቋሚያ አብራ ተቋረጠች። ይህን ሲነግሩኝ አላማረሩም፤ እኔ ግን በእርሳቸው ፈንታ አማርራለሁ፣ እስኪስተካከልም ድረስ አላቋርጥም።

ስለዚህ በዚህ ዓመት በየአጥቢያው በጀት ለሚያጸድቁ ሽማግሌዎች የማቀርበው ጥያቄ የተቈረጠ ነው። ለአጭር ጊዜ ጉዞ መኪናና ነዳጅ ከመመደባችሁ በፊት፣ በዚያ ሕዝብ መካከል ቤት ሠርቶ የሚቀመጥ ቤተ ሰብ መኖሩን፣ ልጆቹ የሚማሩበት መታሰቡን፣ ሲታመም የሚታከምበት ገንዘብ መቀመጡን አረጋግጡ፤ ሚስቲቱም በራሷ ስም በመዝገብ ትግባ፣ ባሏ ቢሞት መቋቋሚያዋ እንዳይቋረጥ አስቀድሞ ይወሰን። ወጣቶቹም ይሂዱ፤ ነገር ግን ወደ ተቀመጠው ቤተ ሰብ ይሂዱ፣ ውሃ ይቅዱለት፣ ጣሪያውን ይክደኑለት፣ የሚሉትንም እርሱ ይንገራቸው። ከባሎቻቸው ጋራ ወጥተው በቆላው የደከሙ እናቶችን ስምና ታሪክ ከየአጥቢያው የምትልኩልኝ ብትኖሩ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ የዚህን ዓምድ እኩሌታ ለእነርሱ እለቅቃለሁ።