ዘግይቶ የሚመጣ ፍርሃት

የሰሊጡ አጨዳ አልቆ ከመተማና ከሁመራ የሚመለሱ የዋግ ልጆች ሰቆጣ የሚደርሱት ብርዱ ሲጠና ነው። ከቆላ ሐሩር ወጥቶ የኅዳር ውርጭ የተቀበለው ሰው ቢያስነጥስ፣ ጉሮሮውም ቢከረክረው አይገርምም። እዚያ ሳለ ያለ ኮንዶም ያደረ ጎረምሳ ግን ሕመሙን ጉንፋን ብሎ አይጠራውም። “በቃ፣ ያዘኝ” ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል።

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኤች አይ ቪ በገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙዎችን ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ንፍፊትና ሽፍታ ይይዛቸዋል። ንፍጥና ማስነጠስ ግን የጉንፋን ጠባይ ናቸው። ጨብጥ ቢሆን ሽንት ያቃጥላል፣ መግል ያወጣል፤ ቂጥኝ በማያም ቁስል ይጀምራል። ደግሞም ቫይረሱ ገብቶባቸው ምንም የማይሰማቸው አሉ። እንግዲህ ምልክት አይፈርድም፤ ነጻም አያወጣም።

ወደ ተከዜ ቆላ ወርዶ አበርገሌ ለሚገባው ሌላም ጣጣ አለ። ቆላ የከረመ ሰው ትኩሳት ሲይዘው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ወባ ነው። “ምርመራው ጉዴን ያወጣዋል” ብሎ ከጤና ጣቢያ የቀረ ሰው በሚታከም ወባ ሊሞት ይችላል። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈውም የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል።

እኔን የሚቆጨኝ የፍርሃቱ ሰዓት ነው። ፍርሃት የሚጠቅመው ያለ ኮንዶም ካደሩ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚዋጥ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት አለና። ጎረምሳው ያኔ ሥራ ላይ ነው፣ ትዝም አይለውም። አፍንጫው ሲያፈስ ይደነግጣል። ያኔ የሚቀረው ምርመራ ነው፤ በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ቁርጡን የሚናገረው ደግሞ ከዚያ ሌሊት 3 ወር በኋላ ነው። ቀድሞ ተመርምሮ “ነጻ ነህ” የተባለም ቢሆን ያን ጊዜ መድገም አለበት።

ስለዚህ ምክሩ ከጉንፋኑ በፊት ይድረስ፤ እርሻው ላይ፣ ሠራተኛው ተሰብስቦ ሳለ፣ ለዋግ ልጅ በኽምጣና ቋንቋም ጭምር ይነገር። ኮንዶሙም እዚያው ይገኝ። ከተማው ትንሽ፣ ሰዉ ሁሉ የሚተዋወቅበት ነውና የምርመራ ክፍሉ በር ላይ ስም አይጠራ። ነጻ መድኃኒት በአገራችን ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በቫይረሱ መያዝ የሞት ፍርድ መሆኑ ቀርቷል፤ መድኃኒቱን በሥርዓት ወስዶ ቫይረሱ በደሙ የማይታይ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም። ይህም አብሮ ይነገር።

ፈርቶ የተኛው ቢያንስ ጥያቄ አለው፤ አንድ ቀን ተነሥቶ ይመረመር ይሆናል። ጉንፋኑ በሳምንቱ ሲለቀው “ተመስገን፣ ተረፍኩ” ብሎ ሳይመረመር ለጥር ሠርግ የሚደግሰው ነው የሚያሳስበኝ።