ዒልሙ ያለው ዝም ሲል ሚንበሩን ማን ይይዘዋል?

ለዓመታት ከዑለማ እግር ሥር የቀራ ደረሳ ጁሙዓ ቀን ሚንበር ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚቸግረው አንደበቱ ነው። ነህውና ሶርፉን ጨርሷል፤ አንድ ሺህ ያህል ስንኝ ያለውን የኢብኑ ማሊክን አልፊያ ሸምድዷል። ያንን ሁሉ ለነጋዴው፣ ለሹፌሩና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪው በሚገባ አማርኛ ማድረስ ላይ ግን ይደናቀፋል።

አንዱ ምክንያት ከአቀራር ልማዳችን ጋር የተያያዘ ይመስለናል። ኪታብ ሲቀራ ሸይኹ ዐረብኛውን ቃል በቃል እየፈቱ ያስኬዳሉ። ዘዴው ኪታቡን ከነሰዋስዉ ለመያዝ እጅግ ይጠቅማል። ደረሳው ያንኑ የፍች አማርኛ ይዞ ሕዝብ ፊት ሲቆም ግን ንግግሩ የዐረብኛ ቅርጽ እንደያዘ ይቀራል። ጀማዓው ቃላቱን ይሰማል፤ መልእክቱ አይደርሰውም።

ክፍተቱ ባዶ ሆኖ አይቆይም። በቲክቶክና በዩቲዩብ ምላሱ የተባ፣ በቅጡ ያልቀራ ሰው ይሞላዋል። ያኔ ፈትዋ ከማይገባው ሰው ይወሰዳል፤ ዑለማ በአደብ ሲወያዩበት የኖሩት ኺላፍም የወጣቶች መዘላለፊያ ይሆናል።

አንዳንድ ደረሶች ንግግር ማሳመርን ከሪያእ ይቆጥሩታል። ሱረቱ ኢብራሂም 4ኛው አንቀጽ ግን መልእክተኞች በየሕዝባቸው ቋንቋ የተላኩት እንዲያብራሩላቸው መሆኑን ያስተምረናል። ነቢዩላህ ሙሳም (ዐ.ሰ) ሃሩን አብሯቸው እንዲላክ ሲለምኑ የወንድማቸውን አንደበተ ርቱዕነት እንዳነሱ በሱረቱል ቀሶስ ተጠቅሷል።

አርአያም አላጣንም። እንደ ሸይኽ ጦልሓ ኢብን ጀዕፈር ያሉ የወሎ ዑለማ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ዲኑን በግጥም ለሕዝቡ አድርሰዋል። በ1961 የታተመው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉምም ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ዑለማ ፍሬ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከየደርሱ በኋላ አንድ ደረሳ መስአላውን በራሱ አባባል፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ፣ ለጓደኞቹ ያስረዳ፤ ሸይኹም ያርሙት። ይህ ተጨማሪ በጀት አይፈልግም። ሁለተኛ፣ ኹጥባ ጽፎ መዘጋጀትና ማሳጠር ከትምህርቱ ይካተት፤ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) የኹጥባን ማጠር ከሰውየው ማስተዋል ምልክት ቆጥረውታልና። ሦስተኛ፣ በ2012 በዐዋጅ ቁጥር 1207 የሕግ ሰውነት ያገኘው መጅሊስ ኢማሞችና ዳዒዎች ሲመደቡ ዒልማቸውን ብቻ ሳይሆን የማስረዳት ችሎታቸውንም ይመዝን።

በየመስጂዱ ጥግ አንገቱን ደፍቶ የሚቀራው ደረሳ ለዚህ ኡማ የተከማቸ ሀብት ነው። ሀብቱ ለባለቤቱ የሚደርሰው ደረሳው ሲናገር ነው። ወላሁ አዕለም።